ከእልልታው በኋላ
ከሱስ ስለ መላቀቅ በምንጽፋቸው ምስክርነቶችና ድራማዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በየወጣት ኅብረቱ የሚቀርበውን ድራማ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጋረጃው ሲከፈት አንድ ወጣት ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፤ ከፊቱ የጫት ገረባ፣ ኦቾሎኒና የለስላሳ ጠርሙስ ይታያል። ጓደኞቹ ይስቃሉ። በሁለተኛው ትዕይንት የእናቱን የጆሮ ጌጥ ሰርቆ ይሸጣል፤ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ትዕይንት መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ የልጅነት ጓደኛው መንገድ ላይ ያገኘዋል። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ወጣቱ ይንበረከካል፣ ይጮኻል፣ ይወድቃል። ሲነሳ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እናት እልል ትላለች። አዳራሹ ያጨበጭባል። መጋረጃው ይዘጋል።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማጨብጨብ ብቻም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድራማ ጽፌያለሁ፣ የምስክርነት ምሽቶችን አዘጋጅቻለሁ፣ ሌሎች የጻፉትን ምስክርነት አርሜያለሁ። ስለዚህ ይህ ሂስ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ከሱስ ስለ መላቀቅ የምንጽፍበት ቅርጽ መሃሉ ጎድሎታል። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻም አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም መንገድ ግን የለውም። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ከነቤተሰቦቻቸው፣ በመካከላችን ተቀምጠው የሌሎችን ታሪክ ይሰማሉ፤ የራሳቸውን ግን ከመድረካችን ሰምተው አያውቁም። ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጨነቀኝ። ነገር ግን ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

ሁለት ፊደል የሰረዝኩበት ምስክርነት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅብረታችን የምስክርነት ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። ከሚመሰክሩት አንዱ ለዓመታት ጫት ሲቅም፣ ማታ ማታም ለጨብሲ ሲጠጣ የኖረ ወንድም ነው። ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል። ምስክርነቱን በደብተር ወረቀት ጽፎ አመጣልኝ፤ ማሳጠርና ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር። በመጨረሻው መስመር ላይ “በጌታ ጸጋ ከሱስ እየተላቀቅኩ ነው” ብሎ ነበር። እኔ “እየ” የምትለዋን ሰረዝኩና “በጌታ ጸጋ ከሱስ ተላቅቄያለሁ” ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ በላይ የነበሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችንም አወጣሁ። አንደኛው ከምሳ በኋላ የለመደው ሰዓት ሲደርስ ሰውነቱ እንደሚጨነቅ የሚናገር ነበር፤ ሁለተኛው እናቱ አሁንም ገንዘባቸውን እንደሚደብቁበት። “ያዳክመዋል” አልኩት። “ሰው የሚበረታው ድል ሲሰማ ነው።” ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና “አንተ ካልክ እሺ” አለኝ።

ምሽቱ መልካም ነበር። እልልታው እስከ ውጭ ተሰማ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ወንድማችን ተመልሶ ቃመ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ኅብረት መምጣት አቆመ። ብዙ ቆይቼ ሳገኘው ለምን እንዳልነገረን ጠየቅሁት። “በሁሉ ፊት ቆሜ ተላቅቄያለሁ ብዬ አንብቤያለሁ፤ ተመልሼ ምን ብዬ ልግባ?” አለኝ።

እናቱ ግን በየእሁዱ ይመጡ ነበር። በር ላይ የሚያገኟቸው እህቶች “እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎን ጌታ አሰበልዎት” ይሏቸዋል። እርሳቸው “አሜን” ብለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጃቸው በዚያው ሳምንት ሌሊቱን ደጅ ማደሩን የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም። ያን “አሜን” ያስተማርናቸው እኛ ነን። ታሪኩን ስለ ዘጋነው የቀረላቸው ቃል እርሱ ብቻ ነበር።

ቅርጹን እንመርምረው

የምስክርነታችን ቅርጽ ሦስት ክፍል አለው፤ ጨለማው፣ ሌሊቱና ብርሃኑ። መጠናቸውን ተመልከቱ። አሥር ደቂቃ ከተሰጠን ሰባቱን ለጨለማው እንሰጣለን። የት የት እንደ ተቃመ፣ ስንት ጠርሙስ እንደ ተጠጣ፣ ከማን ጋር እንደ ተደባደብን በዝርዝር ይነገራል። ምርቃናው ራሱ በጣፈጠ አማርኛ ስለሚተረክ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ይስቃሉ። ሁለቱ ደቂቃ ለዚያ ሌሊት ነው። ለቀጣዩ ሕይወት የሚተርፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ስለዚህ አድማጩ ስለ በርጫ ብዙ ያውቃል፤ አንድ ሰው ካቆመ በኋላ ማክሰኞን እንዴት እንደሚውል ግን አያውቅም።

ግሦቹንም ተመልከቱ። ምስክርነታችን “ነበርኩ” በሚለው ይጀምርና “ሆንኩ” በሚለው ያልቃል። አማርኛችን ግን እየሆነ ላለ ነገር ያቺን ትንሽ “እየ” ሰጥቶናል። እየዳነ ያለ ሰው፣ እየተማረ ያለ ሰው፣ እየወደቀ እየተነሳ ያለ ሰው እንላለን። ቋንቋው ያለውን ቦታ መድረካችን ከልክሏል።

ከዚህ ቅርጽ ሦስት ነገሮች ጎድለዋል፤ ቤተሰብ፣ ሥጋና ጊዜ።

ቤተሰቡን ስንመለከት፣ በድራማችን ውስጥ እናት ሁለት ሥራ ብቻ አላት፤ ማልቀስና እልል ማለት። በእውነተኛው ቤት ግን እናት ብሯን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ትተኛለች። ታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያዋ ለዕዳ ሲውል አይታለች። አባት ከልጁ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ አይናገርም። ሚስት የግቢው በር ሲንኳኳ እግሩ እንዴት እንደሚረግጥ ከድምፁ ብቻ ለመለየት ጆሮዋን ታሰለጥናለች። ሰውየው መጠጣት ካቆመ በኋላ እንኳ የሚስቱ ጆሮ ማዳመጡን አያቆምም። ነጭ ሸሚዝ በአንድ ሌሊት ይለበሳል፤ አመኔታ ግን በአንድ ሌሊት አይመለስም። ቤተሰቡም መዳን ያስፈልገዋል፤ ጽሑፎቻችን ግን ቤተሰቡ የልጁ መዳን በደረሰበት ሰዓት አብሮ እንደ ዳነ አድርገው ያልፉታል።

ሥጋንም ረስተናል። ጫት የለመደ ሰው ሲያቆም ድካም፣ እንቅልፍ፣ ብስጭትና ሐዘን ሊይዘው ይችላል፤ ሌሊት ደግሞ ቃሚዎች “ዱካክ” የሚሉት አስፈሪ ሕልም ይመጣበታል። ይህ ሰውነቱ የለመደውን ሲያጣ የሚያሳየው ምልክት መሆኑን ያልነገርነው ወጣት ግን በሌሊት ላብ አጥምቆት ሲነቃ “ጌታ ትቶኛል” ብሎ ይደመድማል። የአልኮሉ ነገር ከዚህም ይከብዳል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው፣ ሊያንፈራግጠው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊሰማ ይችላል። ካልታከመ እስከ ሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። እኛ ይህንኑ መንፈራገጥ መድረክ ላይ አምጥተን የርኩስ መንፈስ መውጫ ምልክት አድርገን ሠርተነዋል። እንዲህ ያለ ድራማ ያየ ወጣት ቤቱ ውስጥ አጎቱ ሲንፈራገጥ ቢያይ ምን ያደርጋል? በሩን ዘግቶ ይጸልያል። መጸለይስ ይጸልይ፤ ነገር ግን እየጸለየ ወደ ሆስፒታል ይውሰደው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሌላ ከተማ ያለ ሰውም በአቅራቢያው ካለ የጤና ተቋም ይጀምር። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፤ ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ጊዜው ደግሞ የሁለቱም ማሰሪያ ነው። ቤተሰብ ለማመን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሥጋ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ወድቆ ነው የሚጸናው። የእኛ ታሪክ ግን ሁለተኛ ውድቀትን አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ የወደቀ ሰው ከታሪካችን ውጭ ይወድቃል።

መጽሐፉ ራሱ እንዴት ይተርካል?

“ወንጌል የድል ታሪክ ነው፤ እኛም የጻፍነው ከዚያ ተምረን ነው” የሚለኝ ይኖራል። እንግዲያውስ ወንጌላቱ ራሳቸው እንዴት እንደሚተርኩ እንመልከት።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የቤተ ሳይዳው ዕውር አለ። ጌታ እጁን ከጫነበት በኋላ የሚያየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሰውየው ሰዎች የሚመላለሱ ዛፎች መስለው እንደሚታዩት ተናገረ። ጌታ እንደገና እጁን ጫነበት፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ። ሰውየው በመጀመሪያው መዳሰስ “አየሁ” ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ሕዝቡም እልል ይል ነበር። እርሱ ግን ያየውን ያህል ብቻ ተናገረ፤ ሁለተኛውን መዳሰስም አገኘ። ማርቆስ ይህን አልደበቀም። እኔ የዚያ ምስክርነት አራሚ ብሆን ኖሮ ዛፎቹን እሰርዛቸው ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ እጅና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ፣ ፊቱም እንደ ተጠመጠመ ነው። ሕያው ነው፤ ግን ታስሯል። ጌታ ሙቱን ካስነሣ በኋላ መግነዙን ራሱ አልፈታም፤ በዙሪያው ለቆሙት ሰዎች እንዲፈቱት አዘዘ። ማስነሣቱ የጌታ ብቻ ነው፤ መፍታቱ ግን ለሰፈር ሰው፣ ለጓደኛ፣ ለእህት የተሰጠ ሥራ ሆነ። ድራማዎቻችን መጋረጃውን የሚዘጉት አልዓዛር ከመቃብሩ አፍ ላይ ሲታይ ነው። ማንም ሊፈታው አልቀረበም፤ ሁላችንም እያጨበጨብን ነው።

በማርቆስ ምዕራፍ 5 ከጌርጌሴኖን የነበረው ሰው ነጻ ከወጣ በኋላ ጌታን ለመከተል ለመነ። ጌታ ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ቤተሰቦቹ ሰደደው። በመቃብር ሲያድር፣ ራሱን በድንጋይ ሲቧጥጥ ወደሚያውቁት ሰዎች ማለት ነው። ምስክርነቱ መጀመሪያ የሚፈተነው እዚያ ነው፤ ቤተሰብ አነጋገርን ሳይሆን ኑሮን ይሰማልና። እኛ ደግሞ ሰውየውን ገና በሁለት ወሩ ወደ መድረክ እንልከዋለን፤ ቤቱ ምን እንዳለ ሳንጠይቅ።

ሉቃስ 15ም አለ። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ድግስ ሆነ፤ ታሪኩ ግን በድግሱ አላለቀም። ታላቁ ወንድም ደጅ ቆሞ ቀረ። እርሱን “ቅናተኛ” ብለን ለማለፍ እንቸኩላለን። ነገር ግን ታናሹ ድርሻውን ይዞ ሲሄድ ቤት ቀርቶ የሠራው እርሱ ነው፤ የታከተ ቤተሰብ ማለት ነው። አባትየው ምን አደረገ? ለታናሹ ሮጦ እንደ ወጣ ሁሉ ለታላቁም ወጣ፤ ለመነውም። ታላቁ ይግባ አይግባ ሉቃስ አልነገረንም፤ ታሪኩን በአባትየው ልመና ላይ ክፍት አድርጎ ተወው። በኅብረታችን ውስጥ ለተመላሹ ልጅ የምንሮጥ ብዙ ነን፤ ደጅ ለቆመው ቤተሰብ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው።

ሁለት ሌሎች መጻሕፍት

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭም ስለዚህ መንገድ የተጻፉ ሥራዎች አሉ። ሁለቱን ላንሳ።

አንደኛው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ የጻፈው “ኑዛዜ” ነው። በሚላኖ በአንድ የአትክልት ስፍራ ልቡ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ386 ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመለወጡ ታሪክ ያለው በስምንተኛው ክፍል ነው። የእኛ ቅርጽ ቢሆን እዚያ ያበቃ ነበር። እርሱ ግን ቀጠለ። በአሥረኛው ክፍል ላይ ጳጳስ ሆኖ እያለ፣ ስለ ትናንቱ ሳይሆን ስለዛሬው ራሱ ይናገራል፤ ሕልሞቹ እንደሚያስቸግሩት፣ በመብልና በመጠጥ ረገድ ራሱን መግዛት የዕለት ዕለት ትግል እንደሆነበት፣ ሰዎች ሲያመሰግኑት እንደሚፈተን ይዘረዝራል። አንባቢዎቹ በዚህ አልናቁትም። ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይነበባል፤ በብዙ ቦታ የሚወደደውም ለዚሁ ሐቀኝነቱ ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመው “አልኮሆሊክስ አኖኒመስ” የተባለው መጽሐፍ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ የኦሃዮ ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ፣ በ1935 ተገናኝተው የጀመሩት ኅብረት መጽሐፍ ነው። ሁለቱም በዚያ ዘመን ከነበረ አንድ የክርስቲያን መነቃቃት እንቅስቃሴ ብዙ ተምረዋል። የዚህ ኅብረት ልደት የሚከበርበትን ቀን ልብ በሉ። ሁለቱ ከተገናኙ ከሳምንታት በኋላ ዶክተር ቦብ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደና ሰክሮ ተመለሰ። ቢልና የቦብ ሚስት አን አስታመሙት። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ቀን ሰኔ ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1935 ተብሎ ተመዘገበ፤ ኅብረቱ የተመሠረተበት ቀን ተብሎ የሚከበረውም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ቀናቸው ከውድቀት ማግስት ተቆጠረ። ያኔ “ይህ ሰው አሳፈረን” ብለው ቢበታተኑ ኖሮ ኅብረቱ አይኖርም ነበር።

ይህን መጽሐፍ ግን ዝም ብዬ አላመሰግነውም፤ እርሱም የእኛን ጥፋት አጥፍቷል። ለሚስቶች የተጻፈ አንድ ምዕራፍ አለው። ምዕራፉ በሚስቶች አንደበት፣ በ“እኛ ሚስቶች” ድምፅ ነው የሚናገረው። የጻፈው ግን ቢል ነው። ሚስቱ ሎይስ እርሷ እንደምትጽፈው አስባ ነበር፤ ቅር እንዳላትም በኋላ ተናግራለች። ሲጠጣ የታገሠችው፣ ሠርታ ያኖረችው፣ በሩን ስትጠብቅ ያደረችው እርሷ ሆና ሳለ የእርሷን ሐዘን የጻፈው ያሳዘናት ሰው ሆነ። ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና “አል-አኖን” የተባለውን የቤተሰቦች ኅብረት መሠረተች። በዚያ ሚስቶች፣ እናቶች፣ ባሎችና ልጆች ስለ ራሳቸው በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። የጠጪውን ሱስ እነርሱ እንዳላመጡት፣ በመቆጣጠርም እንደማያድኑት፣ ለራሳቸው ቁስል ግን ፈውስ መፈለግ እንደሚችሉ ይማማራሉ። የእኛ መድረክ ገና እዚያ አልደረሰም። በእኛ ዘንድ ዛሬም የእናትን ልቅሶ የሚተርከው ልጁ ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

“ይህ አነጋገር የእግዚአብሔርን ኃይል አያሳንስም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአንድ ሌሊት ፍጹም የተላቀቁ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ አውቃለሁ፣ ስለ እነርሱም ጌታን አመሰግናለሁ። ምስክርነታቸውን አንዲት ቃል አትቀንሱበት። የምለው የእነርሱን ታሪክ ለሁሉ መለኪያ አናድርገው ነው። ለአንዱ በአንድ ቃል፣ ለሌላው በሁለተኛ መዳሰስ ዐይን የከፈተው ያው አንድ ጌታ ነው። ሰውን በመንገድ ላይ ለሦስት ዓመት ይዞ ማቆየትም ኃይል ይጠይቃል።

“ርኅራኄው ለመውደቅ ሰበብ አይሆንም ወይ?” የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል፣ ርኅራኄን ከማቆላመጥ ካልለየነው። ለሱሰኛ ጥሬ ገንዘብ መስጠት፣ ዕዳውን በስውር መክፈል፣ ለአሠሪው “ታሞ ነው” ብሎ መዋሸት ርኅራኄ አይደለም፤ ሱሱን መቀለብ ነው። ጠጥቶ የሚማታ ባል ያላት እህት ልጆቿን ይዛ ደኅና ወደምትሆንበት ቤት ብትሄድ “ይቅር አላለችም” ብለን ልንፈርድባት አይገባም። እርሷን ማስጠጋት ራሱ ርኅራኄ ነው። ርኅራኄ እውነቱን ሳይሸፍን በሩን ሳይዘጋ መቆም ነው። ሰውን ወደ ሱሱ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው። መውደቁን መናገር የሚችልበት ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ቶሎ ይነሣል፤ የሌለው እዚያው ይቆያል።

እንዴት እንጻፍ? እንዴትስ እንቁም?

ለምትጽፉ ወጣቶች የምለው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ድራማችሁ ከነጭ ሸሚዙ በኋላ አንድ ትዕይንት ጨምሩ። ከመዳኑ በኋላ ያለውን ሐሙስ ከሰዓት አሳዩን፤ የለመደው ሰዓት ደርሷል፣ ሐራራው መጥቷል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ማን እንደ ደወለ አሳዩን። እናቲቱን ሰው አድርጓት፤ ትቆጣ፣ ትጠራጠር፣ ትድከም፣ አንዳንዴም ትሳቅ። የበርጫውን ትዕይንት አሳጥሩት፤ የሚያስቀውን ቀልድ ቀንሱ። መንፈራገጥን ለድምቀት አትጠቀሙበት። ምስክርነት የምታርሙም ብትሆኑ፣ ሰው ያልደረሰበትን ቃል በአፉ አታስገቡ። የሁለት ወሩን ሰው ለመድረክ አታስቸኩሉት፤ ሊናገር ከፈለገም እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ይናገር።

መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ያ ወንድማችን እንዴት እንደ ተመለሰ ልንገራችሁ። በስብከት አልነበረም፣ በድራማም አልነበረም። ከመዘምራኑ ሁለት ልጆች የሚቅምበትን ሰዓት ጠየቁት። “ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ” አላቸው። በየቅዳሜው በስምንት ሰዓት ቤቱ መሄድ ጀመሩ። ዳማ ይጫወታሉ፣ እናቱ ቡና ያፈላሉ፣ ሲጨንቀው አብረውት በእግር ይወጣሉ። ሁልጊዜ አይጸልዩም፤ ሁልጊዜም አይመክሩም። አንዱ ወደ ሐኪም አብሮት ሄደ። ከአራት ወር በኋላ አንድ ቀን ወደቀ፤ በዚያው ሌሊት ግን “ቃምኩ፣ ነገ ኑ” ብሎ መልእክት ላከላቸው። በመጀመሪያው ጊዜ የጠፋብን ወራት ሙሉ ነበር፤ በሁለተኛው አንድ ሌሊት ብቻ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ሂስ ማስረጃ ይህ ልዩነት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለእርሱ አስነበብኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እንዳወጣው ፈቀደልኝና አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ የሰረዝኩበትን እንድመልስለት። ስለዚህ እርማቱ ይኸው፤ በዚያ ምሽት የተነበበው የመጨረሻው መስመር “በጌታ ጸጋ ከሱስ እየተላቀቅኩ ነው” ተብሎ ይነበብ።

በሚመጣው የምስክርነት ምሽት እናቱም እንዲናገሩ ጠይቀናቸዋል። መጀመሪያ እምቢ አሉ። “ልጆቼ፣ እኔ እኮ እስካሁን ብሬን ቋጥሬ ነው የምተኛው። ገና አላመንኩትም። ይህን መድረክ ላይ ይወራል?” አሉን።

“አዎ እማማ፣ ይህንኑ ይንገሩን” አልናቸው።

ትንሽ ዝም አሉና “ይህ ከሆነስ እመጣለሁ” አሉ።